ከበዓል ገበያ የመጣው አውራ ዶሮ

በዓል በመጣ ቁጥር ስለ ዶሮ የሚወራው ስለ ዋጋዋ፣ ስለ 12 ብልቷና ስለ ቁሌቱ ነው። በጓሮ ውላ በቆጥ የምታድረው፣ ለእንቁላልና ለጫጩት የተቀመጠችው ዶሮ ግን በዚህ ሰሞን ማንም አያስታውሳትም። እኛ ዛሬ ስለ እርሷ እንድንጽፍ ያስገደደን በራሳችን ጓሮ የደረሰው ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሙነ ሕማማት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ከገበያ ገዝተን ገባን። ላባው የሚያብረቀርቅ፣ ደረቱ የሞላ፣ ዓይኑ የነቃ ነበር። የሦስት ቀን እንግዳ ነውና ብለን እግሩን በገመድ አስረን፣ 11ዱ ዶሮዎቻችን ጥሬ ከሚለቅሙበት ስፍራ አቆየነው። ቅዳሜ ታረደ፤ ወጡም በቤተ ዘመድ ዘንድ ተመሰገነ። በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ገብስማዋ ዶሮ ክንፏን ጥላ ጥግ ይዛ ቆመች። በማግሥቱ አረንጓዴ ኩስ ታየ፤ አፏን ከፍታ አየር ትስብ ጀመር። ሦስተኛ ቀን ላይ የሌላዪቱ አንገት ተጣመመ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ከቆጡ ሥር የወደቀ መሰብሰብ ሆነ ሥራችን። ዐሥር ቀን ሳይሞላ ከ11ዱ የቀሩን ሁለት ብቻ ነበሩ።

የአገራችን ባለዶሮ ይህን በሽታ ፈንግል ይለዋል። በሳይንሱ ዓለም ኒውካስል መባሉ እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በዚያች ከተማ አካባቢ ስለታየ ነው። አምጪው ቫይረስ በመሆኑ አንዴ ከገባ የሚፈውሰው መድኃኒት የለም። እኛም በጭንቀታችን ጎረቤት የመከረንን ሁሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ሎሚውንም፣ ሞክረናል፤ የጠቀመን ነገር የለም። በሽታው በኩስ፣ በትንፋሽ፣ በጋራ ውኃ መጠጫ፣ በጫማ ሶል ሳይቀር ይተላለፋል። ክፉነቱ ደግሞ ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ከ2 እስከ 15 ቀን ተሸሽጎ ሊቆይ ይችላል። የእኛ ቀይ አውራ ዶሮ ጤነኛ መስሎ ገብቶ ጤነኛ መስሎ የታረደው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የበዓል ገበያ ከየአቅጣጫው የመጡ ዶሮዎች በአንድ ቅርጫት የሚታጎሩበት ነው፤ በመንደሩ በሽታ መግባቱን የሰማ ባለዶሮም ሳይሞቱበት ለመሸጥ መቻኮሉ የታወቀ ነው። ችግረኛ ነውና ልንፈርድበት አንደፍርም።

መከላከያው ክትባት ነው፤ እርሱም በአገራችን ይመረታል። ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ከሚያዘጋጃቸው አንዱ ሙቀትን የሚቋቋም የፈንግል ክትባት ነው። መርፌ አያሻውም፤ በዶሮዋ አንድ ዓይን አንድ ጠብታ ማድረግ ይበቃል። በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ መደገም አለበት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን፣ ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥቶ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ወጪውን ያቀልላል። ዳሩ ግን ክትባቱ የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ ኃይሉን እስኪያገኝም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በሰሙነ ሕማማት ማስከተብ የዘገየ ነው። እኛ ቀኑን እንዳንረሳ በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት፣ ደብረ ዘይት በሚውልበት ሰንበት ሰሞን እናስከትባለን፤ ለፋሲካ ገና አራት ሳምንት ይቀራልና። የበዓሉና የከተማዪቱ ስም መገጣጠሙ ለማስታወስ ረድቶናል።

ከሞት ከተረፉት ሁለት ዶሮዎች አንዲቱ መታቀፍ የምትወድ ነበረች። በተከታዩ ዓመት የጾሙ ወራት እንቁላሉ በቤት ስለማይበላ ከሳምንት ያልበለጠውን 12 መርጠን፣ ሳናጥበው፣ ጨለም ባለ ጥግ በገለባ ላይ አስታቀፍናት። 21 ቀን ሙሉ ለእህልና ለውኃ ያህል ብቻ እየተነሣች ታቀፈች። ቅማል እንዳያስቸግራት በአጠገቧ የምትንከባለልበት ደረቅ ዐመድ አኖርንላት። ዘጠኝ ጫጩቶች ወጡ። ውኃቸውን እንዳይሰጥሙ በዝርግ ሳሕን እንሰጣቸው ነበር። ቀን ጭልፊት፣ ሌሊት ሸለመጥማጥ እየተፈራረቁ ሁለቱን ወሰዱብን፤ የቆጡን በር በወንፊት ሽቦ ያጠበቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

ለመታቀፍ በማትፈልግ ወፍ የጀመሩ ወዳጆችም አሉን። በኦሪት ዘጸአት እስራኤል በምድረ በዳ የበሏት ድርጭት ዘመዷ በቤት ትረባለች፤ በ17 ወይም በ18 ቀን ትፈለፈላለች፤ በሰባት ሳምንት ገደማ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ነገር ግን የቤት ድርጭት የእናትነትን ጠባይ ከሞላ ጎደል ስለተወች መፈልፈያ መሣሪያ ያስፈልጋታል። ስትደነግጥም ወደ ላይ ተወርውራ ራሷን ስለምትመታ የቤቷ ጣሪያ ለስለስ ያለ መረብ ቢሆን ይመረጣል። የአበሻ ዶሮ እንቁላሏ ጥቂት ቢሆንም ይህን ሁሉ ድካም ታስቀርልናለች።

የዘንድሮው የበዓል አውራ ዶሮ የታሰረው ከፊት ለፊት በር ዘንድ ነው፤ ዶሮዎቻችን ከቤቱ ጀርባ ናቸው። የራሱ ጣሳ አለው። ጥሬ የምንሰጠው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ወደ ጓሮ ስንመለስም ጫማ እንቀይራለን። የቤት ሰዎች ይስቁብናል። ዶሮው ከታረደ በኋላ ላባውን፣ አንጀቱንና የታጠበበትን ውኃ እንደ ቀድሞው ዶሮዎች ከሚጭሩት ቆሻሻ ላይ አንጥለውም፤ ጉድጓዱ ከትናንት ጀምሮ ተምሶ ተዘጋጅቷል።