ከአንድ እሳት ሁለት ኃይል

የጋዝ ተርባይን ብቻውን ሲሠራ ከነዳጁ ሙቀት የሚበልጠውን እጅ በጭስ መልክ ወደ ሰማይ ይለቃል። አየር በኮምፕረሰር ታምቆ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ይነዳል፤ በዘመናዊዎቹ ማሽኖች ወደ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋው ትኩስ ጋዝ የተርባይኑን ክንፎች እየገፋ ዘንጉን ያዞራል። ዘንጉ ከሚያገኘው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ኮምፕረሰሩ ራሱ ይወስደዋል፤ ለጀነሬተሩ የሚደርሰው ቀሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ከተማ የተተከለው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ አመንጪ የጋዝ ተርባይን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው ከነዳጁ ኃይል 17 በመቶ ያህሉን ነበር። የዛሬዎቹ ግዙፍ ተርባይኖች 40 በመቶ ገደማ ይደርሳሉ። ሆኖም ከእነሱ የሚወጣው ጭስ አሁንም 600 ዲግሪ ያህል ይሞቃል።

የእንፋሎት ተርባይን የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ሙቀት ነው። ብረቱ ከ600 ዲግሪ ብዙም የዘለለ እንፋሎት አይችልም፤ በአንጻሩ ጋዙ የማይደርስበትን፣ ወደ አካባቢው አየር ሙቀት የተጠጋውን ዝቅተኛ እርከን ሳይቀር ይጠቀምበታል። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ስለሚሠሩ ይገጣጠማሉ፤ ሁለቱን ተርባይኖች የሚያጣምረው ቴክኖሎጂ ውበቱም እዚህ ላይ ነው።

በመካከላቸው የሚቆመው ቦይለር እሳት የለውም። ጭሱ ውኃ በሚፈስባቸው ቧንቧዎች መካከል ሲያልፍ መጀመሪያ ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎት ያሞቃል፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድም ለመካከለኛውና ለዝቅተኛው ግፊት ይውላል፤ በመጨረሻ 100 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ተርባይኑን ያዞረው እንፋሎት በኮንደንሰር ቀዝቅዞ ውኃ ይሆንና በፓምፕ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከ100 እጅ ነዳጅ 40ውን ጋዙ ይለውጣል፤ እንፋሎቱ ከቀረው 60 ሲሶውን ሲያተርፍ ድምሩ 60 ይሆናል።

ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2018 ያስመረቀቻቸው የቤኒ ሱኤፍ፣ የቡሩሉስና የአዲሱ ዋና ከተማ ጣቢያዎች ይህን በሰፊው ያሳያሉ። በ24 የጋዝና በ12 የእንፋሎት ተርባይኖች በድምሩ 14,400 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ሲሶ ያህሉ ከእንፋሎት የሚገኝ ነው፤ ለእሱ ተብሎ የሚቃጠል ተጨማሪ ጋዝ የለም። በረሃ ላይ ያለው የአዲሱ ዋና ከተማ ጣቢያ እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው በውኃ ፋንታ በአየር ነው።

ጥምረቱ የራሱ ገደብ አለው። የጋዝ ተርባይን በደቂቃዎች ሲነሳ፣ ወፍራሙ የእንፋሎት ክፍል እንዳይሰነጠቅ ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት። ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋይ ከሰል ጣቢያ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ቢሆንም፣ ከጉድጓድና ከማስተላለፊያ ቧንቧ የሚያመልጠው ሜቴን ይህን ጥቅም ሊሸረሽረው ይችላል።