ዕረፍት የማያውቅ ፔዳል፦ ስለ ባለቋሚ ማርሽ ብስክሌት አመራረጥና አሻሻል

ብስክሌት መንዳት የለመደ ሰው ሁሉ ቁልቁለት ሲገጥመው እግሩን አሳርፎ መንኰራኵሩ በገዛ ራሱ እንዲንከባለል መተዉን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ስለሚቈጥረው፣ ይህ ዕረፍት አንዲት ትንሽ መሣሪያ የምትሰጠው ጸጋ መሆኑን ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። በኋለኛው መንኰራኵር መካከል፣ ሞዞ በሚባለው ክፍል ላይ፣ ፔዳሉ ሲገፋ የሚይዝ፣ ፔዳሉ ሲቆም ግን የሚለቅ፣ ሲለቅም ያን የታወቀ የትክትክታ ድምፅ የሚያሰማ ጥርስ አለ። ባለቋሚ ማርሽ የሚባለው ብስክሌት ግን ይህ የሚለቅ ጥርስ የሌለው፣ የኋላው ባለጥርስ ክብ (ፒኞን) በሞዞው ላይ በፊሌቶ፣ ማለትም በብሎን ጥርስ፣ ተጠምዝዞ የታሰረበት፣ ስለዚህም መንኰራኵሩና ፔዳሉ ያለ መለያየት የተዋሐዱበት ነው። መንኰራኵሩ ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፤ ፔዳሉ ከተገታ መንኰራኵሩ ይገታል፤ ፔዳሉ ወደ ኋላ ከዞረም ብስክሌቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ሳያውቅ የተቀመጠበት ሰው በሌላው ብስክሌት ልማድ እግሩን ለማሳረፍ በሞከረባት ቅጽበት፣ ፔዳሉ እንዳልተገራ በቅሎ ከኮርቻው ብድግ ያደርገዋል።

አሠራሩ የዘመናችን ወጣቶች ያመጡት አዲስ ፈሊጥ የሚመስላቸው አሉ፤ ዳሩ ግን ከሁሉ የቀደመው እርሱ ነው። ጆን ኬምፕ ስታርሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ያወጣው፣ ለዛሬው ብስክሌት ሁሉ አባት የሆነው ሮቨር፣ ፔዳሉ ከኋላው መንኰራኵር ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚዞር ነበረ፤ የሚለቀው ጥርስ በሰፊው የተለመደው ከዚያ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። ኋላ የቱር ደ ፍራንስ መሥራች የሆነው አንሪ ዴግራንዥ በ1893 በፓሪስ በቡፋሎ የብስክሌት መሮጫ በአንድ ሰዓት 35.325 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ደግሞም በዚያው የአንድ ሰዓት ግልቢያ ብስክሌተኞቹ ኤዲ መርክስ በ1972 በሜክሲኮ ከተማ 49.431 ኪሎ ሜትር፣ ፊሊፖ ጋና በ2022 በስዊስ አገር 56.792 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ፣ በቴላዮው (በብስክሌቱ አካል) እና በመንኰራኵሩ ሥራ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት ቢኖርም፣ የኋላው ፒኞን አስተሳሰር ግን በመሠረቱ አልተለወጠም። በጃፓን አገርም በ1948 በኮኩራ ከተማ የተጀመረው፣ ሕዝብ ገንዘብ የሚወራረድበትና በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የተጨመረው የኬይሪን ውድድር የሚካሄደው በዚሁ ብስክሌት ነው፤ በጃፓኑ ውድድር ደግሞ እያንዳንዱ የብስክሌት ክፍል ተመርምሮ ማኅተም ካልተመታበት በቀር ወደ መሮጫው አይገባም። ይህን ብስክሌት ከመሮጫው ወደ አደባባይ ያወጡት በኒው ዮርክ፣ በሳን ፍራንሲስኮና በለንደን ደብዳቤ የሚያመላልሱ ነጂዎች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በዝናብና በጭቃ ለሚሠራ ሰው የሚሰበር ነገር ያነሰበት ብስክሌት ይሻለዋልና።

እንዲህ ያለውን ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው፣ በአሜሪካ ገበያ ከ300 እስከ 600 ዶላር ገደማ የሚሸጡትን ደርድሮ ሲያማርጥ፣ ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በቀለሙና በሰፊው ቸርኪዮ (የመንኰራኵር ጠርዝ) ላይ ነው፤ ሠሪውም ይህን ዐውቆ ለጌጡ አብዝቶ ያወጣና ከማይታየው ላይ ይቈጥባል። ማርሽ መለወጫ የለ፣ የሚጐተት ገመድ የለ፣ አንዳንዴም ፍሬን የለ፤ ክፍሎቹ እጅግ ጥቂቶች ከመሆናቸው የተነሣ እያንዳንዱ የተሸከመው ኀላፊነት በሌላው ብስክሌት ላይ ካለው ይበልጣል። በእኔ አስተያየት ርካሹን መልካም ከርካሹ ክፉ የሚለየው ቦታ፣ ሰው ጐንበስ ብሎ ካልተመለከተው በቀር የማይገለጠው የኋላው ሞዞ ፊሌቶ ነው።

በደንብ የተሠራ የቋሚ ማርሽ ሞዞ በአንድ ጎኑ ሁለት ደረጃ ፊሌቶ አለው። የውስጠኛው፣ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ እንደ ተለመደው ብሎን ወደ ቀኝ የሚጠብቅ ሲሆን ፒኞኑን ይቀበላል፤ የውጭኛው፣ ጠበብ ብሎ 33 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው ግን፣ በተቃራኒው ወደ ግራ የሚጠብቅ ነውና መቈለፊያውን ቀለበት ይቀበላል። ነጂው ወደ ፊት ሲገፋ ፒኞኑ በሞዞው ላይ እየጠበቀ ይሄዳል፤ ብስክሌቱን ለማቀዝቀዝ እግሩን አክብዶ ወደ ኋላ ሲታገል ግን ያው ኀይል ፒኞኑን ሊፈታው ይሞክራል። ነገር ግን ፒኞኑ ሊፈታ ሲነሣ የሚገፋው ቀለበት በግራ ፊሌቶ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ለፒኞኑ መፍቻ የነበረው ኀይል ለቀለበቱ ማጥበቂያ ይሆናል። ይህን ዘዴ አስቀድሞ ያሰበው ሰው ማንም ይሁን ማን ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩ ብዙው ርካሽ ሞዞ ከለስላሳ አሉሚኒየም የተሠራ መሆኑ ነው። ፒኞኑ ከፋብሪካው ሲወጣ በሚገባ ያልጠበቀ እንደ ሆነ፣ ነጂው በገፋና በታገለ ቍጥር ወዲህና ወዲያ እየተላወሰ የሞዞውን ፊሌቶ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ከዕለታት አንድ ቀንም በመስቀለኛ መንገድ ላይ እግሩ ወደ ኋላ ሲጫን ፊሌቶው ተልጦ ፒኞኑ በከንቱ ይዞራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለሚለቅ ጥርስ ብቻ የተሠራ፣ ሁለተኛ ፊሌቶ የሌለው ሞዞ ላይ ቋሚ ፒኞን አስሮ በማጣበቂያ ማጽናት ነው፤ ነጂዎቹ ራሳቸው የራስ ማጥፊያ ሞዞ ይሉታል፣ ስሙም አልተጋነነም። ስለዚህ ገዢው አሮጌ ብስክሌት የሚገዛ ከሆነ፣ ሻጩ ቢያጕረመርምም፣ መንኰራኵሩን አስወልቆ ቀለበቱን አስፈትቶ የፊሌቶው ጠርዝ ስለታም መሆኑን በጥፍሩ መዳሰስ ይገባዋል። ለጀማሪ የሚመቸው ሞዞ ሁለት ፊት ያለው ነው፤ በአንዱ ጎን ቋሚው ፒኞን፣ በሌላው ጎን የሚለቀው ጥርስ ይታሰርበታልና፣ ያልለመደ ሰው መንኰራኵሩን ገልብጦ እንደ ማንኛውም ብስክሌት ሊነዳው ይችላል።

ስለ ቴላዮው ብዙ ማለት አያሻም። በዚህ ዋጋ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ ክሮሞሊ የሚባለው ከተራው ብረት ይቀላል፣ ተራውም ቢሆን ግን ለዓመታት ያገለግላል፤ ልኩ ከሰውየው ቁመት ጋር ካልተስማማ ግን ወርቅም ቢሆን አይረባም። ሁለት ነገር ብቻ መታየት አለበት። አንደኛ፣ የፊተኛው ሹካ ፍሬን የሚታሰርበት ቀዳዳ ያለው መሆኑ፤ ለመሮጫ ብቻ የተሠሩ ብዙዎች ይህ የላቸውም። ሁለተኛ፣ የፔዳሉ ክንድ ርዝመት፤ በዚህ ብስክሌት መታጠፊያ ላይ እንኳ ፔዳሉ መዞሩን ስለማያቆም፣ ረጅም ክንድ ያለው ፔዳል ብስክሌቱ ሲያጋድል መሬት ነክቶ ነጂውን ይጥለዋል፤ ስለዚህ 165 ሚሊ ሜትር የሆነው ይመረጣል።

አሁን ወደ ጥርሶቹ ቍጥር እንምጣ፤ ማርሽ መለወጥ የማይቻል በመሆኑ ነጂው ለዳገቱም ለቁልቁለቱም አንድ ፍርድ አስቀድሞ መፍረድ አለበትና። የፊተኛው ኮሮና 46 ጥርስ፣ የኋላው ፒኞን 16 ጥርስ ቢሆን፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩ 2.875 ጊዜ ይዞራል፤ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ስለ ሆነም ብስክሌቱ 6 ሜትር ያህል ይራመዳል። በደቂቃ 90 ጊዜ የሚረግጥ ሰው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል ማለት ነው። ይህ ለሜዳማ ከተማ መልካም ነው፤ ፒኞኑ ወደ 18 ጥርስ ቢለወጥ ደግሞ በዚያው ረገጣ ፍጥነቱ ወደ 29 ይወርድና ዳገቱ ይቀላል። ነገር ግን ለዳገት የቀለለው ለቁልቁለት ይከብዳል፤ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሲወረድ፣ በ16ቱ ፒኞን እግር በደቂቃ 124 ጊዜ፣ በ18ቱ ደግሞ 140 ጊዜ ያህል መዞር ግዱ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በዚህ ብስክሌት ልውረድ የሚል ቢኖር እነዚህን ቍጥሮች አስቀድሞ ያስብባቸው።

ከዚህ የሚረቅ ሌላ ስሌት አለ፤ ብዙ ሻጭም አይነግርም። የለመደ ነጂ ለመቆም ሲሻ ክብደቱን ወደ ፊት አዘንብሎ ፔዳሉን ይቈልፍና የኋላውን ጎማ በመሬት ላይ ያንሸራትተዋል፤ እግሩም ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት አቋም ላይ ስለሚቈለፍ፣ ጎማው የሚፋቅባቸው ቦታዎች ብዛት የሚወሰነው በሁለቱ ጥርሶች ቍጥር ነው። 48 እና 16 የሆኑ እንደ ሆነ ክፍልፋዩ ሲቃለል 3 ለ1 ይሆናል፤ ጎማውም ሁልጊዜ በአንዲት ቦታ ብቻ እየተፋቀ ሌላው አዲስ ሆኖ ሳለ በዚያች ቦታ ይቀደዳል። 46 እና 16 ሲቃለል 23 ለ8 ስለሚሆን ፍቀቱ ለ8 ቦታ ይከፈላል፤ ፒኞኑ 17 ቢሆን ግን፣ 17 ከራሱና ከ1 በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቍጥር ነውና፣ 48ም ሆነ 46 ከፊቱ ቢቆሙ ፍቀቱ በ17 ቦታ ይበተናል። ስለዚህ 48 በ16 የተገጠመበትን ብስክሌት የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማሻሻል፣ ዋጋው ከአንድ ጎማ የማይበልጠውን ባለ 17 ጥርስ ፒኞን መግዛት ነው።

ፍሬንን በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም። በመሮጫ ላይ ፍሬን የተከለከለ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሮጡ፣ አንዱ በድንገት ቢቆም የኋለኞቹ ይወድቁበታል። በመንገድ ላይ ግን ሕፃን ሮጦ ይገባል፣ የመኪና በር ይከፈታል። እግሩን የሚያምን ነጂ እንኳ የኋላውን መንኰራኵር ብቻ ነው የሚገታው፤ ሲቆሙ ደግሞ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ስለሚያልፍ፣ ጠንካራው መያዣ ምንጊዜም የፊተኛው ነው። የእንግሊዝ አገር የ1983 ደንብ ሁለት የተለያዩ መግቻዎች እንዲኖሩ ሲያዝ ቋሚውን ማርሽ እንደ ኋላ ፍሬን ይቈጥረዋል፤ የፊተኛው ፍሬን ግን መኖር አለበት። ያለ ፊት ፍሬን በከተማ መንዳት ጀግንነት የሚመስላቸውን ወጣቶች እኔ አላደንቃቸውም።

ከዚህ በኋላ ገንዘብ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ከሞላ ጎደል ግልጽ ነው። የፍሬኑን ላስቲክ በተሻለ መለወጥ፤ እግር ከፔዳሉ እንዳይነጠል ጠንካራ ማሰሪያ መግዛት፣ በዚህ ብስክሌት ላይ ከፔዳል የተነጠለ እግር የሚመታው ቅልጥሙን ነውና፤ ቴላዮው የሚችል ከሆነ በ23 ወይም በ25 ሚሊ ሜትር ጎማ ፈንታ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠጠርና ጕድጓድ የሚችል ጎማ ማግባት፤ ቀጥሎ ፒኞኑንና ቀለበቱን ከጠንካራ ብረት በተሠሩ መተካት። ካቴናውና ኮሮናው እስኪያረጁ ቢቈዩ አይጐዱም። መንኰራኵሮቹ ውድ ስለ ሆኑ መጨረሻ ይምጡ፤ ሰፊውና ባለቀለሙ ቸርኪዮ ደግሞ ከባድ ሆኖ ነፋስ ይይዛል እንጂ ለሚፈለገው ጥቅም አይረዳም። የሚለወጡት ክፍሎች ዋጋ ከብስክሌቱ ዋጋ በላይ ሲደርስ ግን፣ መጀመሪያውኑ ሌላ ብስክሌት መግዛት ይሻል ነበር።

ፒኞኑን የሚለውጥ ሰው የሥራውን ሥርዐት ይጠብቅ። የሞዞው ፊሌቶ በጨርቅ ይጸዳል፣ ጥቂት ግራሶ ይቀባል፤ ፒኞኑ ሰንሰለት ባለው መፍቻ በሙሉ ኀይል ይጠበቃል፤ ቀለበቱ ወደ ግራ ይታሰራል። መንኰራኵሩ ወደ ቴላዮው ሲመለስ፣ ካቴናው በታችኛው መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች እንዲላወስ ሆኖ ሁለቱ ዳዶዎች በ15 ቁጥር ቁልፍ ይጠበቃሉ፤ በጣም የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታውን ይጨርሳል፣ በጣም የላላው ደግሞ ወልቆ መንኰራኵሩን ይቈልፋል። ካቴናውን ሲያጸዱ መንኰራኵሩን አሽከርክሮ ጨርቅ ማስጠጋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ጨርቁ ከተያዘ ካቴናው ለጣት ብሎ አይቆምምና ጣት ተቈርጦ ይቀራል። ሁሉም ከታሰረ በኋላ ነጂው አንድ ጠንካራ ዳገት ይውጣበት፤ በዚያ ግፊት ፒኞኑ ትንሽ ጨምሮ ይጠብቅና ቀለበቱ ስለሚላላ፣ ሲመለስ ቀለበቱን እንደ ገና ያጥብቀው።