ያውቁ ኖሯል? ኪቦርድዎ ላይ ያደፈጠው ሰላይ

ኪቦርድ ላይ የሚመቱትን እያንዳንዱን ፊደል በስውር መዝግቦ ለሌላ ሰው የሚያቀብል ሰላይ ኪይሎገር ይባላል። የባንክ የይለፍ ቃልም ሆነ ለእናት የተጻፈ ደብዳቤ ለእሱ አንድ ነው። ምልክት እስኪያሳይ አይጠብቁ፤ ሥራው መደበቅ ነውና ፈልገው ነው የሚያገኙት።

• ስለላው ኮምፒውተር በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ሞስኮና ሌኒንግራድ ከነበሩ ቢሮዎቿ ዕቃ አስመልሳ ስታስመረምር፣ 16 የአይቢኤም የጽሕፈት መኪናዎች ውስጥ የሶቪየት መሣሪያ ተቀብሮ ተገኘ። ፊደል ሲመታ የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች በማግኔት እየለየ በሬዲዮ ያስተላልፍ ነበር። ያጋለጠው ኤክስሬይ ነው።

• አንዳንዱ ኪይሎገር ጭራሽ ሶፍትዌር አይደለም። በኪቦርዱ ገመድና በኮምፒውተሩ መካከል የምትሰካ፣ ከጣት ጫፍ ብዙም የማትበልጥ መሰኪያ ናት። አንቲቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ አያያትም። ገመዱን ከኪቦርዱ ጀምረው እስከ መጨረሻው በእጅዎ ይከተሉ፤ መሀል ላይ የማያውቁት ነገር ካለ ያስገባው ሰው ኮምፒውተርዎ አጠገብ የደረሰ ሰው ነው።

• አዲስ ላፕቶፕም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሞድዜሮ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት በበርካታ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ የተጫነው የድምፅ ሶፍትዌር የሚመቱትን ቁልፎች በአንድ ፋይል ላይ ሲመዘግብ አገኘ። ለሙከራ ተጽፎ ሳይወጣ የቀረ ኮድ ነበር፤ ኤችፒ በማሻሻያ አስተካከለው። አፕዴት አይዝለሉ።

• የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምም ቁልፎችዎን ያነባል። «ኤስ» ላይ «ኢ»ን ሲያስከትሉ «ሰ» የሚወጣው ፕሮግራሙ ሁለቱንም ተቀብሎ ስለሚቀይራቸው ነው። ስለዚህ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረ ክራክ ቅጂ አይጫኑ። ኪይማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ ዊንዶውስም የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው።

• አንድ ሰነድ መክፈት ይበቃል። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በኢሜይል በመጣ የወርድ ሰነድ የገባ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የስካይፕ ንግግሩንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ለወራት ቀዳብኝ ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው በማለት ክሱን ዘጋ። ሕግ ሁልጊዜ አይደርስልዎትምና ያልጠበቁት ሰነድ ሲመጣ ከመክፈትዎ በፊት ላኪውን ደውለው ይጠይቁ።

• ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ስታርት አፕ» የሚለው ገጽ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ይዘረዝራል። የማያውቁትን ስም ከማጥፋትዎ በፊት ምንነቱን ያጣሩ።

• የተደበቀ ሰላይ ዊንዶውስ እየሠራ አንቲቫይረስን ሊያታልል ይችላል። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ያለው «ኦፍላይን ስካን» ግን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሳና ዊንዶውስ ሥራ ሳይጀምር ይፈትሻል። የሚፈጀው 15 ደቂቃ ያህል ነው።

• ማክ ተጠቃሚ ከሆኑ በሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ» ሥር «ኢንፑት ሞኒተሪንግ» የሚለውን ይክፈቱ። ቁልፎችዎን እንዲያነቡ የተፈቀደላቸው ፕሮግራሞች እዚያ ተዘርዝረዋል።

• ስክሪን ላይ ባለ ኪቦርድ በማውዝ መጻፍ ሙሉ መከላከያ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ሰላዮች የስክሪኑን ፎቶም ያነሳሉ። በስልክ አፕ የሚመጣ ሁለተኛ የማረጋገጫ ኮድ ግን የተሰረቀው የይለፍ ቃል ብቻውን በር እንዳይከፍት ያደርጋል።

• ሰላይ ካገኙ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፤ ከዚያ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃልዎን በሌላ ንጹህ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይቀይሩ። በዚያው ኪቦርድ ከቀየሩት አዲሱንም ለሌባው ሰጡት ማለት ነው።