ባቡሩ ላምበረት አይደርስም

ከደብረ ብርሃን በሌሊት የተነሣ መንገደኛ ቻቻን፣ ሸኖንና ሰንዳፋን አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ የሚወርደው ላምበረት መናኸሪያ ነው። የከተማዋ ቀላል ባቡር እዚያ የለም። ከአያት የሚነሣው መስመር በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ በኩል መገናኛ ይገባል እንጂ የኮተቤን መንገድ አይነካም። ስለዚህ መንገደኛው ጓዙን ይዞ መጀመሪያ ታክሲ ይጋፋል። በመርካቶው አውቶቡስ ተራ በኩል ለሚገባ ሰው ግን የባቡሩ ፌርማታ ደጃፉ ላይ ነው።

የከተማ ባቡር ሲታሰብ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ ነው። ዕቅድ አውጪው ግን አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ሰው ጠዋት ከየት ተነሥቶ ወዴት ይጎርፋል? በአንድ ሰዓት ስንት ሰው? ከምን ወርዶ በምን ይሳፈራል? መስመሩ ካርታ ላይ የሚሰመረው ከዚህ በኋላ መሆን ነበረበት።

የአዲስ አበባው ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የገነባው የቻይናው የባቡር መሐንዲስ ኩባንያ ሲሆን፣ ከ475 ሚሊዮን ዶላሩ ወጪ አብዛኛው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። አንዱ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ጦር ኃይሎች ይዘልቃል፤ ሁለቱ ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ይህ የግንባታ ወጪ ይቆጥባል። ነገር ግን እዚያ ላይ አንድ ባቡር ቢቆም የሁለቱም መስመር ተሳፋሪ ይቆማል፤ በአንዱ ላይ ባቡር መጨመርም የሌላውን ተራ መንጠቅ ነው።

ሜትሮ የሚባለው ከቀላል ባቡር ይከብዳል፤ ባቡሩ ረጅም፣ መንገዱም ለብቻው የተከለለ፣ ብዙውን ጊዜ ከመሬት በታች ነው። በአፍሪካ የመጀመሪያው የካይሮው ሲሆን በ1980 ዓ.ም. ተከፈተ። ዋሻ መቆፈር እጅግ ውድ ነው። አዲስ አበባ ከመሬት በታች የገባችው በጥቂቱ፣ ፒያሳ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረውን በድልድይና በአስፋልቱ መሃል አስኬደችው። በአስፋልት መሃል ሲሆን ቤት ማፍረስ ይቀንሳል። ዕዳው ግን ወደ እግረኛው ዞረ፦ የሐዲዱ አጥር ሰፈርን ለሁለት ከፈለና ማዶ ያለ ሱቅ ለመሄድ ዙሪያ ጥምጥም ሆነ። በእኔ ግምት የዕቅዱ ትልቁ ድክመት ይህ ነው፤ ባቡሮችን ከሚያቆመው የመለዋወጫ እጥረት ይልቅ። መለዋወጫ ገንዘብ ሲገኝ ይገዛል፣ አጥር ግን መንገዱን ይዞ ይኖራል።

ባቡር የት እንደሚሄድ የመሬቱ አቀማመጥም ይወስናል። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር፣ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ፣ ባቡር አገሩ ላይ አልነበረም። የጅቡቲው መስመር ፈቃድ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.። ወደ አንኮበር ግን አልወጣም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ የሚኖረው ሰበቃ ትንሽ ስለሆነ ከባድ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። በዚህ ዘመንም የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር የጣርማበርን ገደል ለመኪና ትቶ ቆላ ቆላውን ነው የተዘረጋው።

ደብረ ብርሃን ሌላ ጉዳይ ናት፤ ከተማዋ ሜዳ ላይ ነች። የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ጠዋት ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሠራተኛ በዝቷል፤ የሚያመላልሰውም ባጃጅና ሚኒባስ ነው። ለእሷ ዛሬ ሜትሮ ማሰብ ቅዠት ይሆናል። ቢሆንም ከፓርኩ እስከ መናኸሪያው ያለውን ቦታ ለነገ አውቶቡስ መስመር ሰፊ አድርጎ ማስከበር የሚያስወጣው የፕላን ቢሮ ወረቀትና ቆራጥነት ነው፤ ዋጋውም የሚንረው ቤቱ ከተሠራ በኋላ ነው።