ያለ አበል ሰው የሚመጣበት ስብሰባ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የእናንተ የሒሳብ ባለሙያዎች ቡድን አበል አይከፍል፣ ሰርተፍኬት አይሰጥ፤ ታዲያ ሰው ቅዳሜውን ትቶ የሚመጣው ምን አግኝቶ ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። አብዛኞቻችን ስብሰባን የለመድነው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ የክብር እንግዳ ይጠበቃል፣ የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፣ ሻይ ቡና ይወጣል፣ በመጨረሻ ተፈርሞ አበል ይወሰዳል። አበሉ ባይኖር ስንቱ ይመጣ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ቡድን ግን ከዚህ ጥያቄ መሸሻ የለውም፤ የሰውን ሰዓት የሚገዛበት ገንዘብ ኪሱ ውስጥ የለም።

እኛ ጋ ግብዣ ከመላኩ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ ሰው ሲመጣ ያልያዘው፣ ሲሄድ ግን ይዞት የሚሄደው ነገር ምንድን ነው? «በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) ላይ ውይይት» ርዕስ ነው፤ በዚህ ርዕስ አንድ ሙሉ ቀን አውርቶ ባዶ እጅ መመለስ ይቻላል። «እያንዳንዳችን አንድ እውነተኛ የኪራይ ውል ይዘን መጥተን በአይኤፍአርኤስ 16 መሠረት አስልተን እንሄዳለን» ሲባል ግን ነገሩ መልክ ይይዛል። ማን እንደሚጋበዝ ይታወቃል፤ ውል እጁ ላይ ያለ ሰው ነው። ስንት ሰው? ከሃያ ቢበልጥ አይሠራም። ወንበሩ በረድፍ ሳይሆን በጠረጴዛ ዙሪያ ይደረደራል፣ ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ ይባላል። የክብር እንግዳውም በራሱ ጊዜ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ የለውማ።

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ደረጃውን ሁላችንም አንብበነው፣ ሥራው ላይ ስንደርስ ግን ስለምንቸገር ነው። ተከራዩ የኪራይ ውሉን በሒሳብ መግለጫው ላይ እንደ ሀብትም እንደ ዕዳም ማሳየት አለበት፤ እሺ። የወለድ መጣኔውን ከየት እናምጣ? በየዓመቱ የሚታደስ የመርካቶ ሱቅ ውል ዘመኑ አንድ ዓመት ነው ወይስ ነጋዴው ሊቆይ ያሰበውን ያህል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ቤቱ ይሞቃል። አንዱ «የእኔ ኦዲተር እንዲህ አይቀበልም» ይላል፣ ሌላው ስሌቱን ገልብጦ ያሳያል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲጨነቅበት የኖረ ሰው ችግሩ የእሱ ብቻ አለመሆኑን ያያል።

ሰው የሚዝናናው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ አዘጋጆች ደስታን መጨረሻ ላይ የሚጨመር ነገር ያደርጉታል፤ ሙዚቃ፣ ኬክ፣ ፎቶ። ክፉ አይደለም። ነገር ግን በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ ብቸኛ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ የሚውል ሰው የናፈቀው ኬክ አይደለም፤ ሥራውን የሚረዳለት ሰው ነው። ስለዚህ ከጊዜያችን ቢያንስ ግማሹ አምስትና ስድስት እየሆንን የምናወራበት ነው። ሠላሳ ሰው በየተራ እየተነሣ ስሙንና መሥሪያ ቤቱን የሚናገርበትን ልማድ ትተነዋል፤ ሰዓት ይበላል፣ ስሙንም የሚያስታውስ የለም። በየጠረጴዛው «ሰሞኑን ያስቸገረሽ ሒሳብ ምንድን ነው?» ብሎ መጀመር ይበቃል። አዲስ ሰው ከመጣ አንድ ነባር አባል በር ላይ ተቀብሎ አብሮት ይቀመጣል። ይህች ትንሽ ነገር ካልተደረገች አዲሱ ሰው ዳግመኛ አይመጣም።

ገለጻ ሲያስፈልግ ደግሞ ሰዓቱን አስቀድሞ ማሰር ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቶኪዮ ውስጥ አስትሪድ ክላይንና ማርክ ዳይታም የተባሉ አርክቴክቶች ፔቻ ኩቻ የሚባል አቀራረብ ጀመሩ፦ 20 ስላይድ፣ ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ፣ በጠቅላላው 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ምክንያታቸው አርክቴክት ማውራት ከጀመረ አያቆምም የሚል ነበር። (ሒሳብ ሠራተኛ ኤክሴል ከፍቶ ሲያወራ አላዩም!) እኛ እንደ እነሱ በሰከንድ አንቆጥርም፤ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ግን ማይኩ ይመለሳል፣ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን።

ቀኑን በሚመለከት እያንዳንዱ ሙያ የራሱን ወራት ማየት አለበት። ለእኛ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ዓመታዊ ግብራቸውን ማሳወቅ ስላለባቸው በመስከረምና በጥቅምት ሒሳብ ሠራተኛ መጥራት ባዶ ወንበር መጥራት ነው። በየወሩም መጨረሻው የደመወዝ ግብር ነው፣ ቫት ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ሰኔ፣ ሁልጊዜ ወሩ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እንገናኛለን። «ከቀኑ» የምትለዋን ቃል አትርሷት፤ የስልክ ካላንደር የራሱን 9 ሰዓት ያውቃል።

ቡናውን ከመሀል አንሥተን ወደ መጀመሪያ አምጥተነዋል። የትራንስፖርቱ ነገር የታወቀ ነውና ሰው ማርፈዱ አይቀርም፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቡና ከሆነ የቀደመው አይሰለችም፣ የዘገየውም መሀል ላይ እየገባ አይበጠብጥም። በጾም ወራት ለሁሉም የጾም ምግብ ይቀርባል። ረመዳን ሲሆን ምግቡን እንተወዋለን ወይም ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ እንገፋዋለን።

እንዲህ ያሉ ቡድኖችን የሚገድላቸው ግን የሰዓትም የምግብም ጉዳይ አይመስለኝም። ሁለት ሦስት ትጉ ሰዎች ሁሉንም ይሸከሙና አንድ ቀን ሥራ ሲበዛባቸው ወይም ሲያገቡ ቡድኑ አብሯቸው ይጠፋል። እናቶቻችን በጽዋ ማኅበር ይህን ድሮ ፈትተውታል። ቀኑ ይታወቃል፣ በሚካኤል ከሆነ በየወሩ በ12 ነው። ተረኛዋ ትታወቃለች። እንግዶቹ ከመበተናቸው በፊት ጽዋው ለቀጣይዋ ባለ ተራ ይሰጣል፤ የማኅበሩ መሪ ሙሴውም ተራው እንዳይዛነፍ ይከታተላል። እኛም ጽዋ ባይኖረን ቀጣዩ ተረኛ ሳይታወቅ ማንም አይወጣም። የተረኛው ሥራ ሦስት ነገር ነው፦ ያቺን ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ክፍል ማግኘት፣ በር ላይ የሚቆም ሰው መመደብ። ወጪው በቴሌብር ይዋጣል፤ በማግሥቱ ደረሰኙ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። የሒሳብ ባለሙያዎች ሆነን የራሳችንን ሒሳብ ካላሳወቅን ያሳፍራል።

የየካቲት ተራ እስካሁን ባለቤት አላገኘም። አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ፣ ሃያ ሰው የሚይዝ ክፍል መሥሪያ ቤታችሁን ማስፈቀድ የምትችሉ የሙያ አጋሮች፣ ዓረፍተ ነገራችሁን ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።