ያረጀው የኮምቢ ሞተር በእህል መጋዘን ጥግ ታደሰ

ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ውስጥ አሥራ አንድ አባወራዎች ወተታቸውን በየማለዳው ሰብስበው ወደ ከተማ የሚልኩት በአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ ነው። መኪናዋን ከብዙ ዓመት በፊት አዋጥተው የገዟት ሲሆን፣ ከወተት ሌላ ፉርሽካና ማዳበሪያም ታመጣለች። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ያደረሰችበትም ሌሊት ጥቂት አይደለም። ይህችው መኪና ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ዳገት መውጣት አቃታት። ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ጀመር፤ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዘይት በየሳምንቱ ይጨመርላታል። ወተት ደግሞ አይጠብቅም። አርፍዶ የደረሰው ወተት ተቀባይ እያጣ ወደየቤቱ ተመልሶ እርጎ ሆነ።

አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ላኳት። እዚያም ፋሻው፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ የሚገቡት ቀለበቶች፣ ብቻ ተቀየረ። ጭሱ ለሁለት ወር ያህል ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ሆነ። መዋጮውም ባከነ።

በጥር ወር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ ተደረገ። ለመኖ ጉዳይ ወደ መንደሩ ሄጄ ስለነበር በቦታው ነበርሁ። ከፊሎቹ መኪናዋ በኪሎ ተመዝና ለብረት ትሸጥ አሉ። አንዲት እናት ተነሥተው፣ “ሁለተኛ መዋጮ ከቤቴ አይወጣም” ሲሉ የመለሰላቸው ሰው አልነበረም፤ እውነታቸውን ነበርና። በመጨረሻ የተናገሩት፣ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ሲነዱና ሲጠግኑ ኖረው አሁን በእርሻ የሚተዳደሩት፣ መንደሩ ሁሉ “ጋሼ” የሚላቸው አዛውንት ናቸው። “ሞተሩን እዚሁ እንፍታው፤ ለመፍታት ገንዘብ አንጠይቅም። መጀመሪያ እንለካ፣ ከዚያ እንጣላ። የማይድን ከሆነ ተፈትቶም ቢሆን በኪሎ ይሸጣል” አሉ። በዚህ ተስማሙ።

ስለ ኮምቢ ሞተር የገበሬ ማኅበር መሪ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የጋራ ወፍጮና የጋራ የውሃ ፓምፕ ያለው ማኅበር ግን ይኸው ጣጣ ሲደርስበት ኖሯል። የሞተሩ ዓይነት ቢለያይም የሚያረጁት አካላት ተመሳሳይ ናቸው፤ ገንዘቡም የሚባክነው በዚያው መንገድ፣ ሳይለካ ዕቃ በመግዛት ነው።

ኮምቢ በጀርመን አገር መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላት ኮምቢ በብራዚል እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው ሞተር የገባላት ደግሞ እስከ 2013 ድረስ ተመርታለች። መለዋወጫ ዛሬም ተፈልጎ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። የዚህች መኪና ሞተር 1600 የሚባለው ሲሆን፣ አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተጋድመው ይተኛሉ። ራዲያተር የለውም። እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው ስለሚወጣ ሲያረጅ ከነፒስተኑ ይለወጣል እንጂ መቦረሽ አያስፈልገውም። በግቢ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ሁለት ነገር ተለካ። የመጀመሪያው የእመቃ ኃይል ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ እያንዳንዱ ሲሊንደር በመለኪያ ይታያል። መጽሐፉ ለጤነኛ ሞተር ከ8 እስከ 10 ባር ይላል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ወለል አካባቢ መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከሩብ በላይ ይሳሳል፤ ስለዚህ እዚህ ከ6 እስከ 7 ባር ያሳየ ሞተር ጤነኛ ነው። ይህን ባለማወቅ ደጋ ላይ ያለ ደህና ሞተር አርጅቷል ተብሎ ሊፈረድበት ይችላል። የኛዋ መኪና ግን ሦስቱ ሲሊንደሮቿ 4 ባር ገደማ፣ ሦስተኛው 2 ከግማሽ ብቻ አሳዩ። ብዙ መካኒኮች በዚህ ጊዜ አንድ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው ደግመው ይለካሉ። በዚህ ሞተር ላይ ሲሊንደሩ የተጋደመ ስለሆነ ዘይቱ ወደ ታች ይተኛል፤ ስለዚህ ፈተናው እምብዛም አያስተማምንም።

ሁለተኛው ልኬት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ችንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብና መልሶ መግፋት ነው። ዋናው የሞተር ዘንግ፣ መካኒኮች ኮሎ የሚሉት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲንቀሳቀስ የሚፈቀድለት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን እጅ አይለየውም ማለት ይቻላል። ጋሼ ሲስቡት ቋ የሚል ድምፅ በግልጽ ተሰማ። ያን ጊዜ ዝም ብለው አዩን። ጋራዡ ይህን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ፋሻ ብቻ መቀየር ከንቱ መሆኑ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር።

ሞተሩን ማውረዱ ከተፈራው በላይ ቀለለ። ባትሪው ከተፈታ፣ የቤንዚኑ ጎማ ከታሰረ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹና የቤንዚን መስጫው ገመድ ከተለያዩ በኋላ ከካምቢዮው ጋር የሚያይዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ከኋላም ደግፎ የያዘው ብረት ይፈታል። ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ በክሪክ ተደግፎ በሦስት ሰው ወረደ። ሥራው የተሠራው የእህል መጋዘኑ ጥግ በተዘረጋ ንጹሕ ሸራ ላይ ነው። እያንዳንዱ የቫልቭ መግፊያ ዘንግ ከነቦታው ቁጥር በእንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ ተሰካ። እጥበቱ በነጭ ጋዝ እንጂ በቤንዚን አልተደረገም። የሞተሩ ቤት የተሠራው ከማግኒዚየም ቅልቅል ስለሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል፤ ስለዚህ በአጠገቡ የተዘጋጀው ደረቅ አሸዋ ነበር።

ሲፈታ የታየው እንዲህ ነው። ፋሻውን ከፒስተኑ አውጥቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ አድርጎ በማስገባት ጫፎቹ የሚተዉት ክፍተት ሲለካ አዲስ ሲሆን ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። በሦስተኛው ሲሊንደር 1.1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ወር በፊት የገባ አዲስ ፋሻ መሆኑን አትርሱ። ያረጀው ሲሊንደሩ ራሱ ነበር፤ በሰፋ ጉድጓድ ውስጥ የገባ አዲስ ቀለበት ዘይቱንም ጋዙንም ሊያግድ አይችልም። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት 0.20 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ሁለቱም መለወጥ ሲገባቸው፣ ይኸኛው 0.25 ደርሶ ነበር። ከታች ደግሞ ኮሎው የሚያርፍባቸው ብሮንዚናዎች ተጭረዋል፤ የሞተሩም ቤት መቀመጫው በመደብደብ ሰፍቷል።

እዚህ ላይ ነው የግቢው ሥራ የሚያበቃው። ኮሎውን መሞረድና የሞተሩን ቤት መቀመጫ በመስመር መቦረሽ በእጅ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ የሬቲፊካ ቤት ሥራ ነው። ኮሎው በ0.25 ሚሊ ሜትር ደረጃ ይሞረዳል፤ ብሮንዚናውም በዚያው ልክ ይገዛል። ጋሼ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። “ሰፍቶ በተቀመጠ ቤት ላይ አዲስ ብሮንዚና ማስገባት ያው ፋሻው ነው” አሉ።

ሁለተኛው ስብሰባ በዚያው በሸራው ዙሪያ ተደረገ። የሚገዛው ዕቃና የሚከፈለው የሬቲፊካ ዋጋ ከነልኬቱ በደብተር ተጽፎ ተነበበ፤ የተጫረው ብሮንዚናም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መዋጮ አልሰጥም ያሉት እናት በጥፍራቸው ጭረቱን ደጋግመው ዳሰሱና፣ “ያን ጊዜ እንዲህ አድርገው ቢያሳዩኝ እኮ ነው” አሉ። በማግሥቱ ድርሻቸውን ከፈሉ። ሁለት ወጣቶች አዲስ አበባ ወርደው ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ፈልገው አራቱንም ሲሊንደር ከነፒስተኑ ገዝተው ተመለሱ።

አገጣጠሙ ከአፈታቱ ሦስት እጥፍ ጊዜ ወሰደ። ሁለቱ የሞተሩ ቤት ግማሾች ከመገጠማቸው በፊት እያንዳንዱ ብሮንዚና በትንሹ የብረት ችካሉ ላይ በትክክል መቀመጡ ይታያል፤ ያልተቀመጠ ካለ ሲጠበቅ ይጨፈለቃል። በፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው ያመለክታል። የቴስታታው ዳዶዎች በ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ላይ ከሆኑ በ3.2 ኪሎ ግራም ሜትር፣ በ8 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆኑ በ2.5 ይጠበቃሉ። ከዚህ ማለፍ የቡሎኑን ጥርስ ከማግኒዚየሙ ነቅሎ ያወጣዋል። በክንድ ግምት የሚጠብቅ ወጣት ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ስለዚህ የሚለካ ቁልፍ ከከተማ በኪራይ መጣ። ቮላኖውን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ግን 35 ኪሎ ግራም ሜትር ስለሚፈልግ የተከራዩት ቁልፍ አልደረሰበትም። ጋሼ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተው ከዳዶው መሐል ግማሽ ሜትር ላይ ምልክት አደረጉ፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ወጣትም ተፈልጎ ምልክቱ ላይ በሙሉ ክብደቱ ቆመ። ሰባ በግማሽ ሲባዛ ሠላሳ አምስት ነው። ዲፕሎማ የያዝሁት እኔ ይህን ስሌት በትምህርት ቤት ተምሬው ሳበቃ አንድም ቀን ጥቅም ላይ አውዬው እንደማላውቅ እመሰክራለሁ።

የኮሎው እንቅስቃሴ ከቮላኖው ጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ይስተካከላል። በመጨረሻ 0.10 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ።

ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ የተጎዳበት ምክንያት ሲፈለግ አንድ የሚያሳዝን ነገር ተገኘ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ዙሪያውን በቆርቆሮ ተሸፍኖ ነፋሱ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል እንዲያልፍ ይገደዳል። ቀደም ባሉት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በሦስተኛው ሲሊንደር የአየር መንገድ ላይ ይቆም ስለነበር፣ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም ይበልጥ ይሞቃል፤ ፋብሪካው ይህን ያሻሻለው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ነው። በዚህች መኪና ላይ ደግሞ ከዚያው ጎን አንዱ ቆርቆሮ ጠፍቷል። የፈታው ሰው ምን ያደርጋል ብሎ ትቶት ይሆናል። በደጋ በሳሳ አየር ላይ ይህ ጥፋት እጥፍ ይሆናል። ቆርቆሮው በከተማው ብረት ሠሪ በልኩ ተቆርጦ ገባ።

አየር ማጣሪያውም ሲከፈት ከታች ያለው ዘይት ጭቃ ሆኖ ነበር። በወፍጮና በፓምፕ ሞተሮችም ላይ ዘይት የሚጨመርበት ማጣሪያ በብዛት አለ። በበጋ፣ በአቧራማ መንገድና በአውድማ አጠገብ በሚሠራ ሞተር ላይ ይህ ዘይት በየሳምንቱ ሊታይ ይገባዋል። አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ሲሊንደርን እንደ ሞረድ ይበላል። የማኅበር ሊቀ መንበር የወፍጮ ኦፕሬተሩን “ማጣሪያውን መቼ ከፈትህ?” ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ብዙ ነገር ይነግረዋል።

በየካቲት መጨረሻ ሞተሩ ተሰቀለ። ካንዴላዎቹ ወጥተው የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞቶሪኖ ተሽከረከረ፤ ከዚያ በኋላ ካንዴላዎቹ ገብተው ተነሣ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ከፍ ባለ ዙር ተያዘ። በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት አልተጫነባትም። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹ ክፍተት በ0.15 ሚሊ ሜትር ተስተካከለ፤ ሁለት ሊትር ተኩሉ ዘይትም ተቀየረ።

የወጣውን ዘይት ጋሼ በነጭ ሳህን ተቀብለው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። የብረት ብናኝ ካለ ያብለጨልጫል። ከአባላቱ ብዙዎቹ ተሰብስበው ነበር። እኒያ እናት ቀረብ ብለው፣ “እኔ የማውቀው ቅቤ ነው” እያሉ ጣታቸውን ነክረው በአውራ ጣታቸው አሹት። የሚሻክር ነገር አላገኙም። በማግሥቱ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምቢዋ የወተት ማሰሮዎቿን ጭና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ፣ ጋሼ በመንገዱ ዳር ቆመው የሚያዩት የጭስ መውጫዋን ነበር።