የቀጠሮ መያዣ የኢንተርኔት አድራሻ ስለ መሰየም

በመልካ ወረር ጥጥ ገዝቶ የሚያስጭን ድርጅት የጭነት መኪናዎችን ተራ በኢንተርኔት ገጽ ለመመደብ ቢፈልግ፣ ገጹ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አድራሻ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ይህም ለሾፌር በስልክ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ አያሌ የቀጠሮ አገልግሎቶች የአድራሻውን መጨረሻ ቃል ባለገጹ ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ።

ችግሩ ያለው በምርጫው ላይ ነው። ቃሉ በአማርኛ ቢጻፍ፣ አድራሻው ተቀድቶ ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ሊለወጥ ይችላል፤ ይኸውም «ወረር» የሚለው የሦስት ፊደል ስም 27 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። በላቲን ፊደል ቢጻፍ ደግሞ «ወ»ን አንዱ በ«ኢ» ሌላው በ«ኦ» ስለሚጽፈው፣ በአንዲት ፊደል ልዩነት ደንበኛው ገጹን ሳያገኝ ይቀራል። እንግዲያውስ የቦታ ስም ከመጠቀም ይልቅ አጻጻፉ አንድ ብቻ የሆነ አጭር ቃል መምረጥ ይሻላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን አድራሻውን በኋላ መለወጥ ነው። በአንዳንዶቹ አገልግሎቶች አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ አይመራም፤ አሮጌው በደረሰኝና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ታትሞ ከሆነ፣ በጅቡቲ ያለው ዕቃ አስተላላፊ ባዶ ገጽ ይከፍታል። ስለዚህ አቅም ያለው ነጋዴ በኢትዮጵያ መለያ፣ በ«ነጥብ ኢቲ»፣ የራሱን ስም አስመዝግቦ ያንኑ ያሳትማል፤ ከዚያም ወደ ቀጠሮው ገጽ እንዲመራ ያደርገዋል። አገልግሎት ሰጪውን ቢለውጥ እንኳ የሚታረመው መሪው ብቻ ነው፤ የታተመው ደረሰኝ እንዳለ ይሠራል።